ቀይ ፕላስተር ያላት ጆይስቲክ

ኮምቦልቻ ውስጥ፣ በእኛ ሰፈር፣ አንድ ሰው ማንም ሳይጠራው እጅጌውን ሰብስቦ የሰው ዕቃ ላስተካክል ብሎ ሲነሳ ካያችሁ፣ ከኋላው ሦስት አራት ሰው ተቀባብሎ አንድ አባባል ይወረውርበታል። አባባሉን አሁን ሕፃናት ሳይቀሩ ያውቁታል። ከየት መጣ ብላችሁ ብትጠይቁ ግን አንዱ የድሮ ባላባት ተናገረው ይላል፣ ሌላው የሆነ ሼህ ነው ይላል። ውሸት ነው! የመጣው ከጦይባ ጌም ቤት ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። በምን አወቅህ እንዳትሉኝ፤ ጥፋቱን የሠራሁት እኔው ራሴ ነኝ።

ከማል እባላለሁ፤ ሞባይል ጠጋኝ ነኝ። እጄ አያርፍም። የሚንቋቋ በር ከሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። እናቴ «ይሄ ልጅ ካቻቢቴ ጨብጦ ነው የተወለደው» ትላለች፤ ስታመሰግነኝ ይሁን ስትረግመኝ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ጦይባ ጌም ቤት የቀሩት ሁለት ጆይስቲኮች ነበሩ። አንደኛዋ ጥቁር፣ ጤነኛ። ሁለተኛዋ ወገቧ ላይ ቀይ ፕላስተር የተጠመጠመባት፣ አመለኛ። በግራ አውራ ጣት የሚዘወረው አናሎጓ ውስጡ ተበልቶ ሳይነኳት ወደ ግራ ትስባለች። ዝም ካሏት አጥቂውን ከነኳሱ ይዛው ከሜዳ ትወጣለች። የቤቱ ደንብ ደግሞ «እንግዳ ይመርጣል» ነው፤ ሊጋጠም የመጣ ሰው ደህናዋን ያነሳል፣ የቤቱ ልጅ ቀይዋን ይይዛል። ጓደኛዬ ይመር፣ ባጃጅ ነጂው፣ አራት ዓመት ሙሉ የተጫወተው በቀይዋ ነው። አንድ ቀን እንኳ ሲያማርርባት ሰምቼው አላውቅም። ይህን ልብ ማለት ነበረብኝ።

በየዓመቱ የከተማው የኳስ ጌም አሸናፊ ኮምቦልቻን ወክሎ ደሴ ይሄዳል። ይመር ሁለት ዓመት በተከታታይ ለፍጻሜ ደርሶ ሁለቴም ተሸንፏል። ያን ጊዜ ሦስተኛው ነበር፤ የመጨረሻውም ነበር። የደሴው ውድድር በሚቀጥለው ሳምንት፣ ኒካው ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት ነውና ለእጮኛው ለሰዓዳ «ከኒካው በኋላ ጆይስቲክ በእጄ አልነካም» ብሎ ቃል ገብቶላታል። ሰዓዳ ደግሞ ቃል የምትረሳ ሴት አይደለችም። ስለዚህ ያቺ ቅዳሜ ካመለጠች ደሴ አበቃ።

ዕጣ ወጣና ፍጻሜው ጦይባ ቤት ሆነ። ተጋጣሚው ሮቤል ነው፤ ከቦርከና ወንዝ ማዶ፣ ግድግዳ የሚያህል ስክሪን ካለበት ቤት። ወሬውን ስሰማ እጄ ካቻቢቴ ፈለገ። ወንድሜ በመጨረሻ ዕድሉ በዚያች በሽተኛ ጆይስቲክ ሊጫወት ነው? እኔ ቆሜ? የሰርግ ስጦታዬ ምን እንደሚሆን ያኔ አወቅሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ጦይባ ወለል ስትወለውል ደረስኩ።

«ጦይብዬ፣ የቀይዋ ብሎን ላልቷል መሰለኝ፤ ላጥብቅልሽ?»

«አጥብቅ፣ እጅህ ይባረክ» አለችኝ ቀና ሳትል።

አራት ብሎን ፈታሁ። ከሞተች ጆይስቲክ ደህና የሆነች ጥርስ የምታህል ጎማ አወጣሁና የተበላችውን አውልቄ ተካሁ፤ የተበላችውን ሸሚዝ ኪሴ ከተትኳት። ስሞክራት ተጫዋቹ መሐል ሜዳ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆመ። አልተንቀሳቀሰም! ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ለማንም ሳልነግር ቀይ ፕላስተሯን መልሼ ጠመጠምኩላት፤ ይመር ሲይዛት ይደነቅ ብዬ።

ስምንት ሰዓት ላይ ቤቱ ጢም አለ። ሮቤል ገባ፣ ሁለቱን ጆይስቲኮች አየ፣ ሳቀ።

«ፕላስተር የታሰረባት ሐኪም ቤት ትሂድ። እኔ ጥቁሯን።»

ይመር ፈገግ ብሎ ቀይዋን ወደ ራሱ ሳባት። እኔ ከኋላ ቆሜ ሳቄን ለማፈን ከንፈሬን ነከስኩ።

ተጀመረ። የይመር አጥቂ ኳስ ተቀበለና ወደ ቀኝ ሮጠ፤ ሮጦ ሮጦ ከሜዳ ወጣ። ተከላካዩ ጎሉን ትቶ ወደ ቀኝ ሄደ። ሮቤል አገባ። አንድ ለዜሮ! ይመር ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። ኳስ ወደ ግራ ሊያቀብል ሲል መሐል ላይ ለሮቤል አስረከበ። ሁለት ለዜሮ! «ይመርዬ፣ ሰርጉን እያሰብክ ነው እንዴ?» አለ አንዱ፤ ማንም አልሳቀም። ሦስተኛው ሲገባ እኔን ላብ አጠመቀኝ። ጤነኛ ጆይስቲክ ይዞ እንዴት? እረፍት ሆነ።

ያን ጊዜ በሩ ላይ የተቀመጡት ጋሽ እንድሪስ ተነሱ። የቤቱ ባለቤት ናቸው፤ ጦይባ የተከራየችው ከእሳቸው ነው። ሠላሳ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን መካኒክ ነበሩ። ጨዋታውን አያውቁም፤ የትኛው ቡድን የማን እንደሆነ እንኳ አይለዩም። ሲያዩ የቆዩት የይመርን አውራ ጣት ነበር።

«ልጄ፣ ጣትህ ማንን ነው የሚታገለው?»

«ምን፣ ጋሽ እንድሪስ?»

«ወደ ቀኝ ትገፋለህ። ሁልጊዜ። የሚስብህ ነገር ያለ ይመስል። የሚስብህ ግን የለም።» ከዚያ ዞር ብለው ቤቱን በሙሉ አዩት። «ይቺን ማሽን ማን ነካት?»

ጦይባ ጨርቋን ጥላ እኔን አየች። አርባ ሰው እኔን አየ።

«ከማል» አለ ይመር ቀስ ብሎ፣ «ነካካሃት?»

«አስተካከልኳት እንጂ! ለሰርግህ ብዬ ነው፣ ወላሂ! አሁን ቀጥ ያለች ናት!»

«አራት ዓመት ሙሉ ስትስበኝ ስገፋት ነው የኖርኩት! ጣቴ ቀጥ ያለ አያውቅም!»

ቤቱ ተናወጠ። «ያጣምማት! አሁኑኑ ያጣምማት!» ይላል ሁሉም። በደንቡ ጨዋታ ከተጀመረ ጆይስቲክ የሚነካው ተጋጣሚ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ጦይባ ሮቤልን ለመነችው። ሮቤል ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ልታበላሿት ነው ፈቃድ የምትጠይቁኝ? አበላሿት! ከፈለጋችሁ መዶሻ ላምጣ!»

አሥር ደቂቃ ተሰጠኝ። የተበላችውን ጎማ ከኪሴ አውጥቼ ከተትኩ፤ ሦስት ብሎን አሰርኩ፤ አራተኛው ከእጄ አመለጠ። አርባ ሰው ተንበርክኮ ፈለገ። ያገኘው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሮቤል! ከጫማው ሥር አንስቶ «እንካ፣ ጨርስ፣ ማታ ሰው ይጠብቀኛል» አለኝ።

ጆይስቲኳን አበራናት። ማንም ሳይነካት የይመር አጥቂ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ፣ ወደ ግራ ሄደ።

«ተበላሸች!» ጮኸች ጦይባ። «አልሐምዱሊላህ፣ ተበላሸች!» ቤቱ በእልልታ ተሞላ፤ ዕቃ ተበላሸ ተብሎ እልል ሲባል በሕይወቴ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ! ይመር ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱ ተለወጠ። ገና ከመጀመሩ አንድ አገባ። ሮቤል ሳቁን ቀነሰ። ሁለተኛው ገባ፤ ሮቤል ጃኬቱን አወለቀ። ሦስተኛው ሲገባ ውጭ ያሉት በመስኮት ተንጠለጠሉ። ሦስት እኩል፣ አንድ ደቂቃ ቀርቷል! የይመር አጥቂ ከሮቤል ተከላካይ ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጠ። ይመር ምን አደረገ መሰላችሁ? ጣቱን አነሳ። ጨርሶ አነሳ! ቀይዋ አመሏን አልረሳችም፤ አጥቂውን በራሷ ወደ ግራ ወሰደችው። የሮቤል ተከላካይ የይመርን የሁልጊዜ ግፊያ ጠብቆ ወደ ቀኝ ዘለለ፤ ወደቀ። ጎሉ ባዶ ነው። መታት! አራት ለሦስት!

ማን ማንን እንዳቀፈ አላውቅም። እኔ የማላውቀውን ሰው ስሜ አልቅሻለሁ። ሮቤል ጥቁሯን አስቀምጦ ቀይዋን አነሳና ገልበጥ አድርጎ አያት። «ደሴ ይዘሃት ሂድ» አለው ይመርን፣ እጁን እየጨበጠ። «በሌላ እንዳትጫወት።»

ይመር አንገቴን አቅፎ ወደ ራሱ ጎተተኝ። «ሚዜዬ አንተ ነህ። ግን ካቻቢቴህን ለጦይባ አስረክበህ ነው የምትመጣው።»

እንዳልኳችሁ ነው፤ እጄ አያርፍም፤ ምላሴም እንደዚያው። «እሺ» አልኩት፣ «ግን ባጃጅህ ፍሬኗ ትንሽ ይቆይብሃል፤ ከሰርጉ በፊት ነገ ጠዋት አንተ ሳታይ ላስተካክልልህ...»

«ኧረ በአላህ!» አለ ቤቱ በአንድ ድምፅ።

ጋሽ እንድሪስ እየሳቁ ትከሻዬን ያዙ። «ሠላሳ ዓመት ማሽን ስፈታ አንድ ቀን እንኳ የምትሠራበትን ልጅ ሳልጠይቅ ብሎን አልነካሁም» አሉኝ። «የማሽኑን አመል የምታውቀው እሷ ናት። ስማኝ ልጄ፦ ሳይጠይቁ ማቅናት፣ ማጣመም ነው።»