ደጅ የቆመችው እንጉዳይ

ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ ጥላው ለሁላችንም ይበቃል። ይህ መንገድ ገና የበቅሎ መንገድ ሳለ፣ ከእናንተ አንዳችሁም ሳትወለዱ፣ በዚህ በዝግባ ጊዮርጊስ አንዲት ሴት ነበረች። ስሟ እንጉዳይ ነበር። ባሏ የሞተባት፣ ጌሾ እየወቀጠች ለጠላ ጠማቂዎች የምትሸጥ፣ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥራት ሴት ነበረች። ከወለደቻቸው የቀረችላት አንዲት ልጅ ናት፤ ፈንታነሽ ትባላለች። ፈንታነሽ ደህና ሰው አግብታ የሦስት ልጆች እናት ሆናለች። እንጉዳይ በዚህ ዓለም ያላት እሷ ብቻ ነበረች። ይህን ሳወራ ስለ አገሬ አፍራለሁ። ቢሆንም አወራዋለሁ፤ ነገ ትምህርት ቤት የመከላከያ መርፌውን የምትወጉት እናንተ ናችሁና።

የአገራችንን ሥርዓት ታውቃላችሁ። በወር አበባዋ ላይ ያለች ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ትሳለማለች። እዚያ የሚቆሙት ኮረዶችና ሙሽሮች ናቸው። አንድ ሰንበት እንጉዳይ ከእነሱ መካከል ቆመች። ፀጉሯ ሸብቷል፤ የወር አበባዋ ከቆመ ዘመን አልፎታል። በሚቀጥለውም ሰንበት ቆመች። ከዚያም በኋላ ቆመች። ደሙ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል።

መግባት ትችል ነበር እኮ። አንዲት ጎረቤቷ ጠጋ ብላ፣ «ምን ያስቆምሻል? በዚህ ዕድሜሽ አንቺን ማን ይጠረጥራል? ዝም ብለሽ ግቢ» አለቻት።

እንጉዳይ፣ «እያወቅሁ አልገባም» አለች።

ታዲያ አገሩ ምን አለ? «ታማለች» ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። «ባል የሌላት ሴት ደሙን ከየት አመጣችው?» አሉ። «ወንድ ይዛለች፤ አስወርዳ ነው» አሉ። አጠገቧ የሚቆሙት ኮረዶች እንኳ ራቅ ብለው መቆም ጀመሩ። ጌሾዋን የሚገዛት ጠፋ። አገሩ አፈረባት፤ እሷም አፈረች። ማፈር የነበረበት ማን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

ወሬው ዞሮ ዞሮ ፈንታነሽ ቤት ገባ። የባሏ ዘመዶች ባዩዋት ቁጥር ይንሾካሾኩ ጀመር። ፈንታነሽ ወደ እናቷ መጣች። «እማ፣ አንቺ በቆምሽ ቁጥር የምዋረደው እኔ ነኝ። ወይ እንደ ሰው ግቢ፣ ወይ ከቤት አትውጪ» አለቻት። እንጉዳይ ለልጇ ስትል ከቤት ዋለች። ጾሙን በሙሉ ከቤት ዋለች። ወገቧን ቆረጣት፤ ፈሳሹ ጠረን አመጣ፤ ለማንም አልተናገረችም።

ሲብስባት ገበያ የምትሄድ መስላ ጌሾዋን አዝላ ከተማ ወረደች። ጤና ጣቢያ ገባች። በዕድሜ ልጇ የምትሆን አንዲት ሲስተር ልብሷን አውልቃ አልጋው ላይ እንድትወጣ ነገረቻት። እንጉዳይ ለባሏ እንኳ በብርሃን ታይታ የማታውቅ ሴት ናት። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ግን ተኛች፣ ታየችም። ሲስተሯ አይታ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላከቻት። እዚያ መርምረው የማህፀን በር ካንሰር ነው አሏት። ብዙ ቆይቷል፣ ተሰራጭቷል፤ ሕመሙን ማስታገስ እንጂ ማዳን አይቻልም አሏት።

ስትመለስ እዚያችው ሲስተር ጋ ገባች። «ምን በድዬ ነው ያገኘኝ?» ብላ ጠየቀቻት።

ሲስተሯ ወንበሯን ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። «ምንም አልበደሉም እናቴ። የሚያመጣው በግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ከአንድ ባሏ ሌላ የማታውቅ ሴትም ይይዛታል፤ ብዙዎቹን በራሱ ጊዜ ይለቃቸዋል። ያልለቃቸው ላይ ግን ሳያማቸው ለዓመታት ውስጥ ውስጡን ይቆያል። ያን ጊዜ ብናገኘው ኖሮ እዚሁ እናክመው ነበር» አለቻት። እንዴት እንደሚታይም ነገረቻት፤ የማህፀኑን በር በጥጥ ኮምጣጤ ይቀቡታል፣ የተለወጠ ነገር ካለ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ብዙም ሳይቆዩ ይነሳሉ።

እንጉዳይ ስለ ራሷ መጠየቅ ተወች። «ልጅ አለችኝ፤ ሠላሳ አልፏታል። እሷን ግን ምንም አላመማትም» አለች።

«እንግዲያው መታየት ያለባት አሁን ነው፤ ሳያማት» አለች ሲስተሯ።

ከዚያ ወዲያ እንጉዳይ አንድ ሥራ ብቻ ቀራት፤ ልጇን ማስታየት። ተመልሳ ደጅ ቆመች። አሁን ግን ዝም አላለችም። ለኮረዶቹ ነገረቻቸው፤ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ለሙሽሮቹ ነገረቻቸው፤ ፊታቸውን አዞሩ። ለፈንታነሽ ነገረቻት፤ «አላመመኝም፤ ደግሞ የአንቺን ስም በእኔ ላይ ልትለጥፊ ነው?» አለቻት። አንድ ጊዜ ነገረቻት፣ እንቢ አለች። ደግማ ነገረቻት፣ እንቢ አለች።

የማኅበር ዕለት ነበር። የፈንታነሽ ቤት በእንግዳ ተሞልቷል። እንጉዳይ ምርኩዟን ይዛ መጣች። ፈንታነሽ እናቷን ከበሩ ላይ ስታያት ደነገጠች፤ ጠረኗን እንግዶቹ እንዳይሰሙት ፈራች። እጇን ይዛ በጓሮ አዞረቻትና ማድ ቤት፣ ጭስ ውስጥ አስቀመጠቻት። እንጀራ በሳህን አመጣችላት። ይህን ሳወራ እኔ አንገቴን እደፋለሁ።

እንጉዳይ እንጀራውን አልነካችውም። «ልጄ፣ ከእንግዲህ መጥተሽ አትጠይቂኝ። እናቴ ናት ብለሽም አትናገሪ፤ አልቀየምሽም። ታዪ ብቻ» አለቻት። በመጣችበት በጓሮ ወጥታ ሄደች።

ያ ቃል ፈንታነሽን እንቅልፍ ነሳት። በገበያው ቀን ጨው ልገዛ ነው ብላ፣ እንዳትታወቅ ተሸፋፍና ከተማ ወረደች። ታየች። ኮምጣጤው ሲነካው ነጭ ሆኖ ወጣ። ገና ጅማሬው ነበር፤ ካንሰር አልሆነም። እዚያው አከሟት። ሲስተሯ፣ «ቀጠሮሽን ብቻ አክብሪ፤ ድነሻል» አለቻት።

ፈንታነሽ እያለቀሰች ተመለሰች። መንገዱ በእናቷ ቤት በኩል ያልፋል። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ልትገባ ወደደች፤ ሴቶች ከገበያ ሲመለሱ አየች፤ ከዚያ ቤት ስትወጣ እንዳያዩዋት አፈረች። «ለሰንበት እነግራታለሁ» ብላ አለፈች።

ሰንበት ሳይደርስ እንጉዳይ ሞተች። ልጇ መታየቷን ሳትሰማ ሞተች።

በቀብሩ ላይ የመጣው ሰው ጥቂት ነው። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ፈንታነሽ ቆመች። ደረቷን አልደቃችም። «እናቴ ወንድ አልያዘችም፤ ታማ ነበር። ያንኑ በሽታ ጅማሬውን በእኔም ላይ አገኙት፤ በእሷ ምክር ድኛለሁ። እኔ ግን በበሯ አለፍኩ፤ አልነገርኳትም» አለች። መምሬ አለማው መስቀላቸውን እንደያዙ መሬት መሬቱን አዩ። ያሟት ሴቶች አንዳቸው የአንዳቸውን ዓይን ማየት አቃታቸው። በሳምንቱ አንዳንዶቹ ከተማ ወረዱ። ኋላ ሌሎቹ ተከተሉ፤ አሁን የቀረ ካለ አላውቅም።

እንግዲህ ወጋችን የመጣው ከዚህ ነው። በዝግባ ጊዮርጊስ የታየች ሴት አስቀድማ ቤቷ አትገባም። እናቷ ገበያ ብትሆን ገበያ፣ ወንዝ ብትሆን ወንዝ ትሄዳለች። ሰው ቢሰማም ባይሰማም፣ «እማ፣ ታይቻለሁ» ትላለች። እናቷም «ሰማሁሽ ልጄ» ትላለች። እናት የሌላት ወደ ፈንታነሽ ትሄዳለች፤ ያችን ከቅጥሩ ማዶ ያለችውን አሮጊት ታውቋታላችሁ። ለሁሉም «ሰማሁሽ ልጄ» ትላለች።

እናንተም ነገ ይህን በሽታ አስቀድሞ የሚከላከለውን መርፌ ስትወጉ እንደዚሁ አድርጉ። መርፌውን ተወግተናል ብላችሁም፣ ሠላሳ ሲሞላችሁ ከመታየት እንዳትቀሩ።

ፈንታነሽ ግን በእናቷ ሙት ዓመት ወደ መቃብሩ ትወጣለች። «እማ፣ ታይቻለሁ» ትላለች። ጥቂት ቆማ ታዳምጣለች፤ ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ብቻዋን ትመለሳለች።