መርዶ የማያወራው መሣሪያ

በእኛ ሰፈር አንድ ሰው የምርመራ ውጤቱን ላለመስማት ከሐኪም ቤት ደጃፍ ሲመለስ፣ ወይም ልጁ በፈተና መውደቁን ላለማወቅ ትምህርት ቤት መሄዱን ሲያዘገይ የሚተርቱበት ተረት አለ። ብዙዎች ከጥንት የወረደ ይመስላቸዋል። አይደለም። ሲነገር ቆሜ ሰምቻለሁ፤ የተነገረውም አባቴ የተቀበረ ዕለት ነው። እኔ ያላየሁትን ባለቤቴ ግዛቸው ከሙት ዓመቱ በኋላ አንድ በአንድ ነግሮኛል።

አባቴ መምህር ደስይበለው ጡረታ እንደወጣ አዲስ አበባን ትቶ ወደ ትውልድ መንደሩ፣ ወደ ሣር አምባ ተመለሰ። መንደሩ መርሐቤቴ ውስጥ፣ ከገደሜ ወንዝ ማዶ ነው። እኔ አንዴ ብቻ ነበር የሄድኩት። ያኔም እስከ ጎሽ ውኃ ከተማ በአውቶቡስ ሄጄ፣ ከዚያ ወዲያ አባቴ ተቀብሎኝ በአቋራጭ በእግር ወሰደኝ። የመኪናውን መንገድ ከቤታችን የሚያውቀው አልነበረም።

በፍልሰታ ጾም አንድ ማለዳ ለግዛቸው ስልክ ተደወለ። አባቴ ማረፉን ነገሩት። በፍልሰታ ቅዳሴ የሚወጣው ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነውና፣ ቀብሩን ለእኔ ሲሉ እስከዚያ እንደሚያቆዩ፣ ከዚያ በላይ ግን እንደማይችሉ ጨመሩለት። መንገዱን ሲጠይቃቸው "ጎሽ ውኃ ስትደርሱ ማንም ያሳያችኋል" አሉት። ቶሎ ከወጣን ጊዜ ነበረን።

ግዛቸው በቀጥታ የሄደው የእድራችን ዳኛ ጋሽ ተካልኝ ዘንድ ነው። በሰፈራችን መርዶ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው።

"አባትሽ ታመዋል ነው የምንላት" አሉት። "መርዶ በመንገድ አይነገርም። ደርሳ፣ ወገን ከቧት፣ የሚይዛት እጅ ባለበት ትስማ። የወይዘሮ አሰለፈችን ነገር ረሳኸው?"

ወይዘሮ አሰለፈች የወንድማቸውን ሞት በጉዞ ላይ ሰምተው፣ የምትሮጥ መኪና በር ከፍተው ወድቀው ወገባቸው የተሰበረ የእድራችን አባል ናቸው። ጋሽ ተካልኝ በክፋት አላደረጉትም። ይህን ማንም ሲያማቸው እናገራለሁ።

"መንገዱስ? ጎሽ ውኃ ላይ ሰው መጠየቄ አይቀርም" አለ ግዛቸው።

"ጠየቅህ ማለት ነገርካት ማለት ነው! 'ሣር አምባ በየት ነው?' ስትለው፣ የመጀመሪያው ሰው 'ለቀብሩ ነው?' አይልህም? ስልካችሁንም ዝጉ፤ አንዱ ደውሎ 'እግዜር ያጽናሽ' ይላታል። መኪና መስታወት ላይ የሚለጠፍ መንገድ መሪ አለ አይደል? እሱን እንግዛ። እሱ መርዶ አያወራም።"

እኔ ከጎረቤቴ ከእትዬ የሺመቤት ጋር መኪና ውስጥ ተቀምጬ፣ ግዛቸውና ጋሽ ተካልኝ የመኪና ዕቃ መሸጫ ሲገቡ አየሁ። አባቴ ታሞ እያለ ምን ዕቃ እንደሚገዙ አልገባኝም።

ነጋዴው ሁለት ጂፒኤስ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠላቸው። በአንደኛው ላይ "ሣር አምባ ሩፋኤል" ብሎ ጻፈ። መሣሪያው ፈልጎ አጣው። "ጎሽ ውኃ" ሲለው ግን ዋናውን መንገድ አሰመረለት።

"ይኼ የማያውቀውን አላውቅም ይላል" አለ ነጋዴው። "ለእናንተ እሱ ይሻላችኋል። እስከ ከተማው ያደርሳችኋል፤ ከዚያ ሰው ትጠይቃላችሁ።"

"ያኛውስ?" አሉ ጋሽ ተካልኝ።

ሁለተኛው ሰፋ ያለ ነበር። ስሙን ሲጽፍለት ቤተ ክርስቲያኑን አወጣ፤ ከአስፋልቱ እስከ ደጀ ሰላሙ ድረስ ቀጭን መስመር ሳበ።

"ይኸው! እስከ ደጁ!"

"አባባ፣ መስመር ስላለ መንገድ አለ ማለት አይደለም። የእግር መንገዱንም፣ የከብት መሄጃውንም አንድ አድርጎ ነው የሚያሰምረው። ደግሞ ክረምት ነው።"

"ሰው ጠይቁ ይላል?"

"መሣሪያው? እሱ እንኳን አይልም።"

"እንግዲያው እሱን ስጠን።"

ነጋዴው ሳቀ። "ዋጋ የሚፈራ ገዢ አውቃለሁ። ሰው መጠየቅ የሚፈራ ግን ዛሬ አየሁ።"

ጋሽ ተካልኝ ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ። ነጋዴው ሳቁን ዋጠ፤ ቀና ብሎም በሱቁ መስታወት ወደ እኔ ተመለከተ። ለምን እንደዚያ እንዳየኝ አልገባኝም። ከዚያ በኋላ አልተከራከራቸውም።

ሙከጡሪን እንዳለፍን ጨነቀኝ።

"ስልኬን ስጠኝ፤ ለአባባ ልደውል።"

"ቤት ረስቼዋለሁ" አለ ግዛቸው።

"ያንተንስ?"

"ባትሪው አልቋል።"

"ጋሽ ተካልኝ፣ የእርስዎንስ?"

"እኔ ይዤም አልወጣሁ፣ ልጄ።"

"የሁላችሁም ስልክ በአንድ ቀን?"

እትዬ የሺመቤት እጄን ያዙኝ። "ጸልዪ የኔ ልጅ፣ ዝም ብለሽ ጸልዪ" አሉኝ።

ጎሽ ውኃ ከመድረሳችን በፊት አንድ መገንጠያ አለ። ሰፊው የጠጠር መንገድ በግራ ይቀጥላል፤ በቀኝ ያለው የጋሪ ዱካ የሚመስል ጭቃ ነው። መሣሪያው በዚያ በማይቆጣ የሴት ድምፁ በእንግሊዝኛ ወደ ቀኝ አለ። መገንጠያው ላይ ጥላ የያዙ ቄስና ነጭ የለበሱ ሁለት ሴቶች ቆመዋል። ግዛቸው መሪውን ወደ ቀኝ ሲያዞር ቄሱ መንገዱ መሃል ገብተው ጥላቸውን ወደ ግራ እያወዛወዙ ጮኹ።

"ቁም! የሚሉን ነገር አለ" አልኩ።

"ተሳፋሪ ናቸው፤ ቦታ የለንም። ንዳ!" አሉ ጋሽ ተካልኝ።

"ታዲያ መንገዱን እንጠይቃቸው!"

"ይኼ እያለልን ሰው ምን ያስቸግራል?"

"ግዛቸው፣ ቁም እያልኩህ እኮ ነው!"

ግዛቸው መስኮቱን ዘግቶ ነዳጁን ረገጠ። ዘወር ብዬ ሳይ ቄሱ ጥላቸውን አውርደው ቆመዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተዋል።

"የታመመ ሊጠይቅ የሚሄድ ከሰው ይሸሻል እንዴ?" አልኩ። "አባቴ እንዴት ነው? እውነቱን ንገሩኝ።"

"ታሟል አልንሽ እኮ" አለ ግዛቸው። ድምፁ ግን ሌላ ነበር።

ጭቃው እየባሰ ሄደ። አንድ ቁልቁለት ላይ ጎማው ተቀረቀረ። ጋሽ ተካልኝ በሽምግልናቸው ጫማቸውን አውልቀው ገፉ፤ እኔም እትዬ የሺመቤትም ገፋን። ግዛቸው ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። እንደ ምንም ወጥተን ስንነሳ ስምንት ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። "ቅርብ ነው፤ መሣሪያው ቅርብ ነው ይላል" እያለ ይነዳል። እውነት ነው፤ ቅርብ ነበር።

መንገዱ ገደሜ ወንዝ ላይ አለቀ። ድልድይ የለውም። በበጋ ከብት የሚሻገርበት መልካ ነው፤ ያን ዕለት ግን ወንዙ ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ ይዞ ይወርድ ነበር። መሣሪያው ውኃው ፊት ለፊት ቆመንም "ቀጥታ ሂዱ" ይላል። ግዛቸው እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ቀረ።

እኔ ወረድኩ። ከወንዙ ማዶ፣ ከዳገቱ ላይ ሩፋኤል ይታያል። ከቅጽሩ ውጭ ነጭ የለበሰ ሕዝብ እንደ መንጋ ተሰብስቧል፤ ከፊታቸው ጥላ ተዘርግቷል፤ መሃል ላይ በትከሻ የተያዘ ቃሬዛ አለ።

"የማን ቀብር ነው?" አልኩ።

እትዬ የሺመቤትን አየሁ፤ አጎነበሱ። ግዛቸውን አየሁ፤ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቷል። ጋሽ ተካልኝ ባርኔጣቸውን አወለቁ። መርዶዬን የሰማሁት እንዲህ ነው።

እኛ በቆምንበት ዳር፣ ጋቢያቸውን ያደገደጉ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ወደ ማዶ ያዩ ነበር። አያ ልሣኑ ይባላሉ። የአባቴ የልጅነት ባልንጀራ ናቸው፤ ከብቶቻቸውን ፍለጋ ማለዳ ተሻግረው ውኃው ስለቆረጣቸው ከዚህ ሆነው ሊቀብሩ የቆሙ ናቸው። ጩኸቴን ሲሰሙ መጡና አገጬን ይዘው ቀና አደረጉኝ።

"የደስይበለው ልጅ፣ ትርንጎ አይደለሽም?"

ሳልመልስላቸው ወደ ውኃው ዞረው በሁለት መዳፋቸው አፋቸውን ከበው ተጣሩ።

"ኧረ ቆዩ! ልጁ ደርሳለች! ቆዩ!"

ቃሬዛው ቆመ። አንድ ጎልማሳ ከማዶ ወደ ወንዙ ዳር ሮጦ ወረደ።

"በየት ልትሻገር?"

"በላይ በድልድዩ! ተመልሳ፣ በጎሽ ውኃ ዞራ!"

"እስከ መቼ እንቆያለን?"

አያ ልሣኑ ሰማዩን አዩ። ከጀርባችን ዝናቡ ጥቁር ሆኖ እየመጣ ነበር። መኪናችንን፣ ጭቃውን፣ እኔን አዩ። መዋሸት የፈለጉ መሰለኝ፤ አልቻሉም።

"እስኪመሽ ነው!"

ሰውየው ተመልሶ ወጣ። ካህናቱን አነጋገረ። ሁሉም ወደ እኛ ዞሩ። ያ ሁሉ ሰው ከሩቅ ሲያየኝ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ጎልማሳው እንደገና ወረደ።

"እህታችን፣ ይቅር በይን!"

ቃሬዛው ተነሣ። አልቃሽ አይደለሁም፤ ማንም አላስተማረኝም፤ ያን ጊዜ ግን አፌ ራሱ አወጣው።

ሳልሸኝህ አባባ ቆሜ ከወንዝ ማዶ፣
አገር እያወቀው እኔን አልፎኝ መርዶ።

አፈሩ ሲመለስ አየሁ፤ ድምፁን ግን አልሰማሁም፤ ወንዙ ወሰደው። ግዛቸው አጠገቤ ተንበርክኮ "ይቅር በይኝ" ይለኛል፤ ልሰማው አልቻልኩም።

ዝናቡ ሲደርስብን አያ ልሣኑ ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱኝና ወደ ጋሽ ተካልኝ ዞሩ።

"ጌታው፣ ይህ የከብት መልካ ነው። ድልድዩ በጎሽ ውኃ በኩል መሆኑን ሕፃን ያውቀዋል። በዚህ ሁሉ መንገድ አንድ የሚጠየቅ ሰው አጣችሁ?"

"ሰውማ ነበር" አሉ ጋሽ ተካልኝ። ባርኔጣቸው እጃቸው ላይ ውኃ ሞልቷል። "ከጠየቅን መርዶውን እንዳያሰሟት ፈርተን ነው። ደርሳ፣ ከወገኖቿ መሃል እንድትሰማው ብለን ነበር።"

አያ ልሣኑ አልተቆጡም። ማዶ የሚበተነውን ሕዝብ ትንሽ ተመለከቱና፣ ለማንም እንደማይናገር ሰው ቀስ ብለው "ከመርዶ የሸሸ ከቀብር ይቀራል" አሉ።