የአህያዋ ገንዳና ያልተጠሩት ቀንድ አውጣዎች

አንድ ጊዜ፣ በጋው ከልኩ አልፎ ወንዙ ጠጠሩን ብቻ ሲያስቀር፣ አንዲት አህያ ከመጨረሻው ኩሬ ውስጥ ስድስት ቆሮሶ ዓሦችን አዳነች። ውሃ በተሞላ እንስራ አድርጋ በጀርባዋ ተሸክማ አመጣቻቸውና ግቢዋ ውስጥ ባለው የድንጋይ ገንዳ ለቀቀቻቸው። ከመካከላቸው ለምትበልጠው ለአሮጊቷ ቆሮሶም ቃል ገባችላት። ክረምቱ ገብቶ ወንዙ ሲሞላ፣ ስድስት ሆነው እንደመጡ ስድስት ሆነው እንደሚመለሱ ነገረቻት። አህያ ደግሞ አንዴ የተጫነችውን መንገድ ላይ አራግፋ አትሄድም።

እንግዳ አክባሪ ነበረች፤ እንዲያውም ታበዛዋለች። ፀሐይ እንዳይመታቸው ብላ ከረግረጉ የውሃ ሣር ነቅላ ሳታጥበው ገንዳው ውስጥ ጨመረችላቸው። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ፉርሽካ ትበትናለች። ዓሦቹ ዞር ሲሉ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» ትላለች። እንግዶቹም ይሉኝታ ይዟቸው አንዳንድ ፍሬ ይቀምሳሉ፤ የተረፈው ወደ ታች ይሰምጣል። እሷም የሰመጠውን እያየች ቤቴ ሙሉ ነው ብላ ትደሰታለች።

አንድ ጠዋት የገንዳው ግድግዳ ላይ አንዲት ቀንድ አውጣ አየች። ከሣሩ ጋር እንቁላል ሆና የገባች ነበረች። ይቺ ደግሞ ምን ትጎዳለች ብላ ተወቻት። በሳምንቱ ግድግዳው በቀንድ አውጣ ተሸፈነ። ቀጥሎ ውሃው ደፈረሰ፣ ሸተተ፤ ዓሦቹም አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው ቁና ቁና ይተነፍሱ ጀመር። አህያዋ በጣም ደነገጠች። ቀንድ አውጣዎቹን በአፏ እየለቀመች ብትጥልም በማግስቱ በዝተው ይጠብቋታል። ዓሦቹ የደከሙት ርቧቸው መስሏት ደግሞ ፉርሽካውን ጨመረችበት።

ይህን የሰማች ቀበሮ ልብስ የሚታጠብበትን እንዶድ አንድ እቅፍ ይዛ መጣች።

«እመት አህያ፣ ምን ያደክምሻል?» አለቻት። «ይህን ወቅጠሽ አረፋውን ገንዳው ውስጥ ድፊው። ነገ አንድ ቀንድ አውጣ በሕይወት ብታገኚ ቀበሮ አትበይኝ።»

ይህ እውነት ነበር። ቀበሮ ስትዋሽ ግማሹን እውነት ታደርገዋለች፤ ሌላውን ግማሽ ዋጥ ታደርገዋለች።

አህያዋ እንዶዱን ወቀጠች፣ በጠበጠች። አረፋው ባልዲውን ሞልቶ ልትደፋው ስትል አያ ጅቦ ትልቅ ቅርጫት አንጠልጥሎ ከተፍ አለ። አንገቱን በአጥሩ ላይ አሰገገና፣

«ተንሳፈፉ?» ሲል ጠየቀ።

«እነማን?» አለች አህያ።

ጅቡ ትንሽ አሰበ፤ ማሰቡም አደከመው። «እሱን እንዳትናገር ብላኛለች ቀበሮ» አለ።

አህያዋ ባልዲውን መሬት አስቀመጠችው። ወደ ገንዳው ጎንበስ ብላ እንዶድ ዓሣን ምን እንደሚያደርግ አሮጊቷን ቆሮሶ ጠየቀቻት። ለአሮጊቷ በእንግድነት በገባችበት ቤት ይህን አድርጊ፣ ያን ተዪ ማለት ነውር መስሎ ይታያት ነበር። ኋላ ግን አጠገቧ የሚያቃስቱትን ልጆቿን አየች።

«ልጄ፣ እናቴን የገደላት እንዶድ ነው» አለች። «ከላይ ልብስ ሲያጥቡበት አረፋው ወደ እኛ ወርዶ። ከተናገርኩ አይቀር ሁሉንም ልናገር፤ እኛ ከመጣን ቀን ጀምሮ ጥጋብ ላይ ነን። በሞቴ እያልሽ የምትበትኚውን የሚበሉት ቀንድ አውጣዎቹ ናቸው። የምትቀልቢያቸው አንቺው ነሽ።»

አህያዋ አፈረች፤ ሁለቱም ጆሮዎቿ ወረዱ። ቀጥሎ ግን መልሳ አቆመቻቸው።

«ስድስት ሆናችሁ ትመለሳላችሁ ብያለሁ፣ እማማ» አለች። «ትመለሳላችሁ።»

ጅቡን በኋላ እግሯ አንድ ጊዜ ብትለው ቅርጫቱ ራሱ ላይ እንደጠለቀ ፈረጠጠ። ከቁጥቋጦው ጀርባ አድፍጣ የነበረችው ቀበሮም ተከትላው ሮጠች። በእንዶዱም አህያዋ ከገንዳው ራቅ ብላ የጭነት ጆንያዎቿን አጠበችበት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፉርሽካ በቀን አንዴ፣ ያውም በቁንጥር ሆነ። ከገንዳው ሥር የተጠራቀመውን ዝቃጭ አወጣች፤ ውሃውንም በየቀኑ ከጉድጓድ ጥቂት ጥቂት እየቀዳች በንጹሕ ለወጠችው። ሲመሽ አንድ የጎመን ቅጠል ጠጠር አስራበት ታሰምጣለች። ሲነጋ ቀንድ አውጣዎቹ እንደተለጠፉበት ታወጣውና ለጅግራዎች ታራግፍላቸዋለች። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም የጎደለ አይመስልም ነበር። ቀበሮ በሩቅ ቆማ እያየች ሳቀችባት፤ ባልዲውን ብትደፋው እኮ እስካሁን ተገላግላ ነበር አለች። አህያዋ ቅጠሏን አሰመጠች። በነጋታው አወጣች፣ ደግሞ አሰመጠች። ሁለተኛው ወር ሲያልቅ በቅጠሉ ላይ የሚወጡት ሦስት አራት ብቻ ሆኑ። ውሃው ጠርቶ ወለሉ ታየ፤ ዓሦቹም እንደ ልባቸው ይዋኙ ጀመር።

ክረምቱ ገባ፣ ወንዙም ሞላ። አህያዋ እንስራውን ተሸክማ ወረደችና ዓሦቹን አንድ በአንድ ለቀቀቻቸው። ስድስት ነበሩ። ደስታውና መለየቱ አንድ ላይ መጥተውባት ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሳታስበው አፏን ወደ ፉርሽካው ከረጢት ሰደደች።

«በሞቴ፣ ለመንገድ ይቺን...»

«ጠግበናል፣ ልጄ» አለች አሮጊቷ ከውሃው ውስጥ።

አህያዋ ከረጢቱን መልሳ አሰረችው።

ከዚህ የምንማረው፣ ቤታችንን የወረረ ችግር የሚወጣው አንድ ቀን በሚደፋ መድኃኒት ሳይሆን ችግሩን የምንቀልብበትን እጅ ሰብስበን በየጠዋቱ ሳንታክት ስንለቅመው መሆኑን ነው።