የማዕዘኑ ቋሚ

አንድ ሰው ነበረ፤ ቤት ሠሪ። ጥያቄህን አልዘለልኩትም፣ እመጣበታለሁ። «የኔታ፣ ስለ ወንድሜ ሳምንት ሙሉ አሰብኩ፤ ሁሉም ነገር እርስ በርሱ ገጠመልኝ። ታዲያ እውነቱን አገኘሁ ማለት አይደለም ወይ?» ነው ያልከኝ። ተቀመጥና ስማ።

ይህ ቤት ሠሪ እጁም አፉም የታወቀ ነበር። ሦስት ነገር ከአፉ አይጠፋም። ሸንጎ ሲቀመጥ፣ «ከመንደሩ በላይ ያለውን ደን መጥረቢያ አይንካው» ይላል። ተራራው አንድ ክረምት ተንዶ ሦስት ቤት ከነሰዎቹ ስለቀበረ፣ አገሬው ሁሉ ያን ደን ላይነካ ምሏል። ሥራ ላይ ሲሆን ደግሞ፣ «የድሃ ቤት ዝናብ ሳይቀድመው ይቁም» ይላል፤ ለችግረኛም በነፃ ይሠራል። ቤቱ ሲገባ ወሬው ስለ ሌባ ከሆነ፣ «እኔ ለሌባ አልራራም» ይላል። ሦስቱንም ከልቡ ነበር የሚናገረው፤ አስመሳይ አልነበረም። ብቻ አንዱን እዚህ፣ ሌላውን እዚያ ስለሚናገራቸው፣ ሦስቱ ነገሮች አንድ ቀን እንኳ ተገናኝተው አያውቁም።

አምና ግንቦት ላይ አንድ ሸማኔ ለመሸመኛው የሚሆን አንድ እንጨት ከዚያ ደን ቆርጦ ተያዘ። ቤት ሠሪው ከሽማግሌዎቹ ሁሉ ቀድሞ ብድግ አለና፣ «ይውጣ! እሳት አይጫር፣ ውሃ አይቀዳ!» አለ። ሸማኔው ሚስቱንና ጓዙን ይዞ ወንዙን ተሻገረ። የተከራከረለት አልነበረም። ሸማኔ ነዋ፣ ማን ይከራከርለታል?

ዘንድሮ፣ ሰኔ ሊገባ ሲል፣ ደምለው የሚባል እንጨት ቆራጭ በዚያው ደን ውስጥ እንጨት ሲቆርጥ ከነመጥረቢያው ተያዘ። ሸንጎው ወዲያው ተሰበሰበ። ደምለው እጁን ወደ ኋላ ታስሮ ቆመ። ዓይኑን ቤት ሠሪው ላይ ተከለ።

ቤት ሠሪው ክው አለ። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ «ለዚያች ባሏ ለሞተባት ሴት ቤት ሃያ ቋሚ አምጣልኝ፤ ቶሎ፣ ክረምቱ ሳይገባ» ብሎ ያዘዘው እሱ ራሱ ነው። ከየት እንደሚያመጣው አልጠየቀውም። በአገሩ ቀጥ ያለ እንጨት የተረፈው በዚያ ደን ብቻ እንደሆነ ግን ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

«አምና የፈረድከው አንተ ነህ፤ ዘንድሮም ፍረድ» አሉት ሽማግሌዎቹ።

«ከብት እስኪገባ ጊዜ ስጡኝ፤ ላስብበት» አለ። ሰጡት። ሕዝቡም ከቦታው ሳይነቃነቅ ቁጭ ብሎ ጠበቀው።

በቀጥታ ወደ ሴትየዋ ቤት ሄደ። ደምለው ከመያዙ በፊት ያመጣቸው ቋሚዎች ተተክለዋል፤ የተተከሉበት ጉድጓድ ግን ገና አልተጠቀጠቀም። ማገሩም ገና አልታሰረም። እጁ ሥራ ሲይዝ ማሰብ ይቀለዋልና ማገሩን ከማዕዘኑ ቋሚ ጀምሮ ማሰር ያዘ። ልጡን ይጎትታል፣ ያጠብቃል፣ ያስባል።

መጀመሪያ ሦስቱ ነገሮች በልቡ ውስጥ ተናነቁ። ከዚያ ቀስ በቀስ መስማማት ጀመሩ። «እኔ ቋሚ አምጣ አልኩት እንጂ ከደኑ ቁረጥ አልኩት? አላልኩትም። ደምለው እንደሆነ ድሮም እጁ አያርፍም። ሴትየዋስ ብትሆን ክረምቱን እህቷ ቤት ብታሳልፍ ምን ትሆናለች? ድሃ ድሃ እያልን እኮ ነው ሰውን ያሰነፍነው።» ባሰበ ቁጥር ነገሩ እየጠራለት መጣ። ደኑ አይነካ፣ ሌባው ይውጣ፣ ድሃም ትጠብቅ፤ እሱም ንጹሕ ነው። አንድም የሚጋጭ ነገር አልቀረም። ልቡ እፎይ አለ። የመጨረሻውንም ማገር አስሮ ጨረሰ።

ሴትየዋ የሚጠጣ ውሃ ይዛለት መጣች። ቤቱን ቆማ አየችና፣ «ጋሼ፣ ወደ ገደሉ ያዘነበለ መሰለኝ» አለች ፈራ ተባ እያለች።

«ምን ያዘነብላል! ነይ በዚህ በኩል እዪ፤ አንዱ ከአንዱ ዝንፍ አይልም።»

እውነቱን ነው፤ ቋሚዎቹ እርስ በርሳቸው እኩል ነበሩ። አፏን ለማስያዝ ብሎ ቱንቢውን፣ የቋሚ ቀጥ ማለት የሚለካበትን ባለ ክብደት ገመድ፣ ከከረጢቱ አወጣና ከማዕዘኑ ቋሚ አናት ላይ አንጠለጠለው። ክብደቱ ተወዛወዘ፤ ቆመ። ከቋሚው ግርጌ አንድ ስንዝር ርቆ ቆመ። ወደ ሁለተኛው ወሰደው፤ ያው ስንዝር። ሦስተኛውም ያው። በጥድፊያ የተከለው የማዕዘኑ ቋሚ ዘሞ ኖሯል፤ ማገሩ ደግሞ ሌሎቹን ሁሉ እየጎተተ ከእሱ ጋር አስማማቸው።

ቱንቢውን እንደያዘ ፈዞ ቀረ። ከታች የከብቶቹ እምቧታ ይሰማል፤ ወደ በረት እየተቃረቡ ነው። ድንገት መጥረቢያውን አነሣና ልጡን አንድ በአንድ በጠሰው። ማገሩ ረገፈ።

«ምነው ጋሼ! ቤቴን! ዝናቡ ደርሶብኝ!» ብላ ጮኸች።

«ይቅር በይኝ፤ ነገ እንደገና አቆመዋለሁ» አላትና ቁልቁል ሮጠ።

ሸንጎው ፊት ሲቆም ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «እንጨቱን ያስቆረጥኩ እኔ ነኝ» አለ። «ደኑ አሁንም አይነካ። ግን ደምለው ከወጣ እኔ ከፊቱ እወጣለሁ። እኛ ከቀረን ደግሞ አምና ያባረርነው ሸማኔ ይመለስ።»

ሕዝቡ ተንጫጫ። «ደግሞ ሸማኔው ከዚህ ነገር ምን አገባው?» አለ አንዱ።

«እኔም ይህን ሳልጠይቅ ነው የኖርኩት፤ እሱም የቆረጠው ከዚያው ደን ነው» አለ ቤት ሠሪው።

ብዙ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ሁለቱም ደኑን ችግኝ እንዲያለብሱና እንዲጠብቁ ፈረዱባቸው፤ ሸማኔውም ይመለስ ተባለ። ደምለው ተፈታ።

በማግሥቱ ቤት ሠሪው የሴትየዋን ቤት አቃንቶ አቆመና ራሱ ወንዙን ተሻገረ። ሸማኔው ከአንዲት ጎጆ ደጃፍ ተቀምጦ ፈትል ያጠነጥን ነበር። ምሕረቱን ነገረው። ሸማኔው እጁን አላቆመም።

«ቤት ሳይቆምልን ክረምቱ ደረሰብን» አለ። «ሚስቴን ብርዱ ወሰዳት። ከማን ጋር ልመለስ?»

ቤት ሠሪው እንደ ሄደ ብቻውን ተመለሰ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ማሰብ ማለት ማገር ነው። ያላሰበ ሰው ሐሳቡ እንዳልታሰረ ቋሚ ለየብቻው ይቆማል፤ ሲያስብ ነው አንዱ ከአንዱ የሚያያዘው። እስከዚህ ልክ ነህ። ነገር ግን ማገር ቱንቢ አይደለም። ከዘመመ ቋሚ ከጀመርክ ሁሉንም እኩል ያዘምልሃል፤ አንተም እርስ በርሳቸው መስማማታቸውን እያየህ ደስ ይልሃል። ስለ ወንድምህ ሳምንት ሙሉ አስበህ ሁሉም ገጠመልህ፤ ከአባታችሁም ቤት ልታስወጣው ቆርጠሃል። እስቲ ንገረኝ፣ መጀመሪያ የተከልከው ቋሚ የቱ ነው? ፍርድህ ነው ወይስ ቂምህ? ለእኔ ባትመልስልኝም ግድ የለም፤ ብቻ ተነሥና ሂድ። ወንድምህ ዛሬ ዕቃውን እየጫነ ነው ብለኸኛል፤ ሰማዩም እንደምታየው ጠቁሯል።