ሐጂ ሙዘይን ያላዩት የሞተር አንገት

ከገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች፣ ገበያዋ የጥንቱን መስጂድ ግንብ ተደግፎ የሚውል አንዲት አሮጌ ከተማ ነበረች። ከዚያች ከተማ ወደ ቆላው የሚያወርደው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እየተጠማዘዘ ሲወርድ አንድ ሰዓት ሙሉ እግርን ከፍሬን ላይ አያስነሳም። በዚያ አገር ያገለገለ ሞተር ሳይክል መግዛት ታዲያ እንደ ሌላው አገር አይደለም። ገዥው ከገንዘቡ ጋር ነፍሱንም አብሮ ያስረክባል።

በከተማዋ ሐጂ ሙዘይን የሚባሉ፣ አላህን የሚፈሩ ሽማግሌ ነበሩ። አርባ ዓመት ሞተር ሲጠግኑ ኖረው ጉልበታቸው ደከም ሲል ሱቁን ለልጃቸው ለቀቁ። ገበያው ግን እሳቸውን አልለቀቀም። ገዥና ሻጭ በዋጋ ከተስማሙ በኋላ "ሐጂ ይዩት" ይባላል። አይተው "ንጹህ ነው" ካሉ ውሉን የሚያጸናው ፋቲሓ ይነበባል፣ ገንዘብ ይከፈላል። "ይቅርባችሁ" ካሉ ሁሉም ወደየቤቱ። ለዚህ አንዲት ሳንቲም ተቀብለው አያውቁም፤ ምስክርነት አማና ነው፣ አደራ ነው፤ አማና አይሸጥም ይላሉ።

አንድ ሐሙስ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ነስሩ የሚባል የቆላ ገበሬ ሊወስዳቸው መጣ። ሚፍታህ ከሚባል ነጋዴ ሞተር ሊገዛ ተስማምቷል። ባለቤቱ ሰዓዳ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ በዚያው ዕለት ለምርመራ ወደ ከተማ ወጥታ ነበር። የመጀመሪያ ልጃቸውን ያጡት ሰው ሰዓዳን በቃሬዛ ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ፣ ጤና ጣቢያው ሳይደረስ ነው። ነስሩ ሁለት በሬዎቹን የሸጠው ይህ እንዳይደገም ብሎ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

ሐጂ ሞተር እንዴት እንደሚያዩ ልንገራችሁ፤ ለእናንተም ይጠቅማችኋል። ቁልፍ ከመዞሩ በፊት መዳፋቸውን ሞተሩ ላይ ያሳርፋሉ። ለምን? የሞቀ ሞተርማ ሁሉም ይነሳል፤ እውነቱን የሚናገረው የቀዘቀዘው ነው። የዚያን ቀን መዳፋቸውን ቶሎ አነሱ።

"ምነው ሚፍታህ፣ ሞተርህ ትኩሳት ይዞታል እንዴ?"

"ከቤት እየነዳሁት መጥቼ ነው ሐጂ።"

"እንግዲያው ይረፍ። እኛም እንረፍ።"

ግንቡ ጥላ ሥር አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጡ። ከዚያ ነስሩ ረገጠው፤ ባንድ ጊዜ ተነሳ። ሐጂ ከኋላ ቆመው ጭሱን አዩ። ሰማያዊ ቢሆን ዘይት እየበላ ነው ማለት ነው፤ አልነበረም። ዘይቱን በጣታቸው ነክተው ወደ ፀሐይ አዞሩት፤ የብረት ብናኝ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ውስጡ እየተፋጨ ነው። ይህም ደህና ነበር። ካቴናውን ወደ ኋላ ስበው ልልነቱን ለኩ። የፊት ፍሬኑን ይዘው ወደ ታች እየተጫኑ ጎማውን ከያዙት ከፊት እግሮቹ ዘይት ይተፋ እንደሆነ ተመለከቱ። በመጨረሻ ሁለት ሰዎች ከኋላ ተጭነው የፊት ጎማውን ከመሬት አስነሱላቸው። በግራ እጃቸው የመሪውን አንገት ከሥር ደግፈው በቀኛቸው ጎማውን ወዘወዙ። አልተንቀጠቀጠም።

የቀረው ወረቀት ነው። ሊብሬው ላይ ሁለት ቁጥር አለ፤ የሞተሩና የሻንሲው፣ ማለትም የአጥንቱ። ሁለቱም ከብረቱ ላይ በዓይን መታየት አለባቸው። የሞተሩን ቁጥር አዩ፣ ልክ ነው። የሻንሲው ቁጥር የሚመታው አንገቱ ላይ ነው። ሚፍታህ ታዲያ ከቤንዚን ታንኩ እስከ አንገቱ ድረስ ዘርፍ ያለው አረንጓዴ ልብስ አልብሶታል፤ በወርቃማ ክር "ማሻአላህ" ተጠልፎበታል። ሐጂ እጃቸውን ዘረጉ፤ አዩት፤ እስከ አንጓው ጥቁር ቅባት ነው።

"ተዉት ሐጂ፣ እጅዎ ቆሽሿል፤ የአላህ ስም አለበት። እኔ ላንብብልዎ" አለ ሚፍታህ። ከጨርቁ ጠርዝ ትንሽ ገለጥ አድርጎ አጎንብሶ ቁጥሩን አንድ በአንድ ጠራ። ሐጂ ሊብሬው ላይ ተከታተሉ፤ ገጠመ። የአስር፣ የከሰዓት በኋላው ሶላት፣ አዛን ሊል ጥቂት ቀርቶታል።

"ንጹህ ነው" አሉ።

ፋቲሓ ተቀራ። ነስሩ ከፍሎ፣ ሐጂን ዱዓ አስደርጎ፣ ሰዓዳን ሊያመጣ ሄደ።

ሐጂ ከሶላት በፊት ላለው ትጥበት፣ ለዉዱእ፣ መስጂዱ ቧንቧ ዘንድ ተቀመጡ። ቅባቱ በሳሙና ለቀቀ። የግራ እጃቸው ሦስት ጣቶች ጫፍ ላይ ግን ጥቁር ነገር ቀረ። በድንጋይ ፈተጉት፤ አልለቅ አለ። ከቆዳ ላይ ተለጥፎ ውሃ የማያስገባ ነገር ካለ ዉዱእ እንደማይሞላ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ችላ ሊሉት አልቻሉም። በጥፍራቸው ፋቁትና ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ቅባት አይደለም። ቀለም ነው፣ ገና ያልደረቀ ቀለም።

እነዚያ ሦስት ጣቶች ምን ነክተው ነበር? አንገቱን ከሥር፣ ጨርቁ ከማይሸፍነው በኩል። ስድስት ዓመት የተነዳ ሞተር አንገቱ ላይ ብቻ ትኩስ ቀለም ምን ያደርጋል?

ሶላቱ መጀመሩን የሚያበስረው ኢቃማ እየተባለ ነው። ሐጂ ሙዘይን ተነስተው ጫማቸውን አደረጉ። ከጀምዓ ሶላት ቀርተው ስለማያውቁ፣ በበሩ እየገቡ የነበሩት ኢማሙ ሼህ ሐሚድ ደነገጡ።

"ወዴት ነው ሐጂ?"

"ሶላት ጊዜ አላት፤ ቁልቁለቱ የለውም" ብለው ባጃጅ አስቆሙ።

ነስሩን ያገኙት ከከተማው መውጫ፣ ከቤንዚን ማደያው ነው። ሰዓዳ ከኋላው ተቀምጣለች፤ ከኮርቻው ጀርባ ግማሽ ኩንታል ስኳር ታስሯል። የማደያው ቀጂ የሐጂን ሩጫ አይቶ ሳቀ፤ "ምነው ሐጂ፣ እርስዎም ኮሚሽን ጀመሩ እንዴ?"

ሐጂ ወደ ሞተሩ ቀረቡ። "ነስሩ፣ አጥፋው። ልጄ ሰዓዳ፣ ቀስ ብለሽ ውረጂ። እጅሽ ንጹህ ነው?"

"ንጹህ ነው አባባ።"

"ይህን ጨርቅ ፈትተሽ በክብር አጥፊልኝ።"

ጨርቁ ተነሳ። አንገቱ እንደ ጫማ ያበራል። ሐጂ የባጃጁን ቁልፍ ተቀብለው ቀለሙን ፋቁት። ከሥሩ ወጣ ገባ ያለ፣ እንደ ቁስል ጠባሳ ያበጠ የብየዳ መስመር ታየ። ከብየዳው ጎን ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወደ ታች ወርዳለች።

"ይህ ምንድን ነው?" አለ ነስሩ።

"ተሰብሮ ነበር፤ በይደውታል፤ ብየዳውም እየለቀቀ ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ነው። ይህ ከተቆረጠ የፊት ጎማው ባንድ በኩል፣ እናንተ ባንድ በኩል።"

ነስሩ ሰዓዳን አያት። ከዚያ ሐጂን አያቸው። "ንጹህ ነው አላሉም ወይ ሐጂ?" አለ፣ ድምፁን ሳያነሳ።

"ብያለሁ። ሳላይ ነው ያልኩት። ና፣ ያልኩት ቦታ ሄጄ ልመልሰው።"

ሞተሩን እየገፉ ተመለሱ። ሰው ከአስር ሶላት እየወጣ ነበር። ሚፍታህ ከሁለት ደላሎች ጋር ተቀምጧል። ሞተሩን ራቁቱን ሲያየው ተነሳ።

"ገበያው አልቋል ሐጂ። ፋቲሓ ተቀርቷል። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ንጹህ ነው ያሉት አንቱ ራስዎ ነዎት፤ የኔ ምስክር አንቱ ነዎት።"

"እውነቱን ነው፤ ሐጂ ያሉት አይመለስም" አለ አንደኛው ደላላ።

ሐጂ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። "ስሙኝ። እኔ ሙዘይን የዚህን ሞተር አንገት ሳላይ አይቻለሁ ብያለሁ። ምስክርነቴ ውድቅ ነው፤ አንሥቼዋለሁ። ከአሁን በፊት በኔ ቃል የገዛችሁ ካላችሁ አንገቱን ገልጣችሁ እዩ፤ ካልቻላችሁ አምጡልኝ።"

በዚያ ገበያ የወደቀው አርባ ዓመት የተገነባ ስም ነበር። ሁሉም ያውቀዋል።

ሚፍታህ ግን አልተረታም። "ብየዳ እኮ ነው። ብየዳ ከበፊቱ ይጠነክራል።"

"ከጠነከረ ለምን ቀባኸው?"

"እንዳይዝግ።"

"እሺ። እንግዲያው ገልጠህ ሽጠው፤ ብየዳ አለበት በልና ዋጋውን ጥራ። ወይም ደግሞ ቀላል መንገድ አለ፤ ባለቤትህን ጥራት፣ ከኋላህ ትቀመጥ፣ እስከ መጀመሪያው ድልድይ ወርዳችሁ ተመለሱ። በሰላም ከመጣችሁ ነስሩ ይወስደዋል፣ እኔም ይቅርታ፣ አፉ በለኝ እልሃለሁ። እዚሁ እጠብቅሃለሁ።"

ሚፍታህ ቁልፉን ከነስሩ እጅ ተቀበለ። ወደ ሞተሩ አልሄደም። መንገዱ ከአፋፉ ላይ የሚጠፋበትን ቦታ ጥቂት ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ከደረት ኪሱ ገንዘቡን አውጥቶ፣ ማንንም ሳያይ፣ ለነስሩ ሰጠ። ሰዓዳ የታጠፈውን ጨርቅ መለሰችለት፤ በሁለት እጁ ተቀበላት።

ነስሩና ሰዓዳ በመጨረሻው አውቶቡስ ወደ ቆላ ወረዱ። ሐጂ ሙዘይን ጣታቸውን በላምባ አጽድተው፣ ዉዱእ አድርገው፣ አስርን ለብቻቸው ሰገዱ።

ሲጨርሱ ሼህ ሐሚድ አጠገባቸው ተቀመጡ። "ሐጂ፣ ለሚፍታህ ለብቻው ነግረው ገንዘቡን ማስመለስ ይችሉ ነበር። ስምዎን በገበያ መጣል ለምን አስፈለገ?"

ሐጂ እንዲህ አሉ፦ "ሼህ፣ ያቺ ልጅ የተቀመጠችው ሞተሩ ላይ አልነበረም። ምላሴ ላይ ነበር።"

እኔ ይህን ነገር ከሰማሁ በኋላ ብዙ አስቤበታለሁ። ሐጂ አልዋሹም፤ ጉቦ አልበሉም። ያደረጉት ለአላህ ስም ክብር ሰጥተው እጅ መሰብሰብ ነው፤ ይህ ምኑ ነው ጥፋቱ? ጥፋቱ ከዚያ በኋላ ያለችው አንዲት ቃል ናት። "ሁሉን አየሁ፣ አንገቱን አላየሁም" ቢሉ ኖሮ ክብሩም ይጠበቅ፣ አማናውም ይሞላ ነበር። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ "ንጹህ ነው" ማለት ትተዋል አሉ። ያዩትን ይዘረዝራሉ፣ ያላዩትንም ይዘረዝራሉ፤ በሳቸው ቃል ብቻ ይገዛ የነበረው ሰውም ራሱ አጎንብሶ ማየት ጀመረ።

እኛም ሞተር ባንሸጥ ሰው እንመሰክራለን። "አውቀዋለሁ፣ ጥሩ ልጅ ነው፣ ዳሩለት" እንላለን፤ "እሱ ዘንድ ሥሩ፣ ታማኝ ነው" እንላለን። ከምናውቀው ይልቅ የተነበበልን ይበዛል። አንዱ ያንን ቃላችንን ይዞ ቤተሰቡን ከኋላው አስቀምጦ ቁልቁለት ይወርዳል። አላህ ምላሳችንን ዓይናችን ከደረሰበት አልፎ ከመሄድ ይጠብቅልን።