ቀንድ አውጣን የቀደመችው ልጅ

ፕሮፌሰር አጥላባቸው ከጥልቅ ባሕር የወጣ ቀንድ አውጣ በጠርሙስ ይዘው፣ አዲስ ስም ሊያወጡለት እንግዶች ሰብስበዋል። «ሕጉ ጥብቅ ነው» አሉ። «ለአንድ ፍጥረት ቀድሞ የወጣለት ስም ይጸናል፤ ኋላ የመጣ ሰው ሊለውጠው አይችልም።»

ይህን ሲሉ ተላላኪዋ ልጅ አንገቷን ደፍታ፣ የሻይ ትሪ ይዛ ቀስ እያለች ገባች።

«ይቺም ዘገምተኛ፣ ይቺም ድብቅ። ከዛሬ ጀምሮ ቀንድ አውጣ ብለናታል» አሉ ፕሮፌሰሩ። እንግዶቹ ሳቁ።

ልጅቷ ይህ ስም አንዴ ከተለጠፈባት እንደማይለቃት ገባት። ትሪውን አስቀምጣ፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ መለሰች፦

«ዘገምተኛነቴን አልክድም፣ ፕሮፌሰር። ግን እናቴ ገና በአራስነቷ ስም አውጥታልኛለች፤ በእርስዎ ሕግ ደግሞ የሚጸናው የፊተኛው ነው። እኔ በሕይወቴ ማንንም ቀድሜ አላውቅም፤ ቀንድ አውጣን እንኳ ልቅደም።»