መሬት ሳሚዋ ፒካፕ

አንድ ሰው ነበረ፤ ፒካፕ መኪና ነበረችው። አያልነህ፣ «በሰው ፊት የማለ ሰው መሐላውን ቢያፈርስ ክብሩ የት ይወድቃል?» ብለህ ጠይቀኸኛል። መልሱን እኔ ከምነግርህ ይህ ሰው ቢነግርህ ይሻላል።

ሰውየው የሚኖረው አስፋልት መሀል ለመሀል በሚያቋርጣት አንዲት የቆላ ከተማ ነበር። ሥራው ቁምሳጥንና አልጋ ከእንጨት ሥራ ቤት ጭኖ ወደ ገዢው ቤት ማድረስ ነው። የከተማው መንገድ ለጥ ያለ ስለሆነ መኪናዋን እንዳሻው ሊያደርጋት ይችል ነበር፤ አደረጋትም። የፊቱን ሞላዎች አስቆርጦ፣ የኋላውንም አስወርዶ፣ ሆዷ አስፋልቱን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ዝቅ አስደረጋት። ሞላ ማለት ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ክብደቱን ተሸክሞ የሚተነፍሰው ጥምዝምዝ ብረት ነው። እሱ ሲቆረጥ መኪናዋ ታጥራለች፤ ትንፋሿም አብሮ ያጥራል። ለዓይን ግን ታምራለች። በዋናው መንገድ ቀስ እያለች ስትንሸራተት ሻይ ቤት የተቀመጠው ሁሉ ብርጭቆውን አስቀምጦ ያያታል። «መሬት ሳሚዋ መጣች» ይላሉ። እያደር ባለቤቷንም በእሷ ስም ይጠሩት ጀመር። እሱም ደስ አለው። ሰው በራሱ ያላገኘውን መከበር በመኪናው ሲያገኝ ልቡ ያብጣል።

አንድ ቀን ከሻይ ጠጪዎቹ አንዱ፣ «ይህች መኪና የገጠር መንገድ ቢገጥማት ምን ልትሆን ነው?» አለው። በቀላሉ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ነበር። እሱ ግን ተነካ። ብድግ ብሎ፣ «እኔ ይህችን መኪና አንድ ጣት ከፍ ካደረግኋት ስሜን ለውሻ ስጡት» አለ። ሰዎቹ ሳቁ። ቃሉ ግን ከአፉ ወጥቶ ከተማው ውስጥ ቀረ።

ይህ ሰው አንዲት ታላቅ እህት ነበረችው። እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት። ከከተማው በላይ፣ ዳገቱ ላይ ባለ መንደር ትኖራለች። ዳሌዋን ከታመመች ወዲህ በየጊዜው ሐኪም ዘንድ መቅረብ ነበረባት። አስፋልቱ የሚያልቀው ከመንደሩ ርቆ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጠጠርና ጎርፍ የቦረቦረው መንገድ ነው። ቀኗ ሲደርስ ወንድሟ አስፋልቱ ጫፍ ድረስ ይመጣና መኪናዋን አቁሞ ይጠብቃታል። እሷ በምርኩዟ፣ ጎረቤቷ ክንዷን ይዛላት፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት በእግሯ ትወርዳለች። ሲመለሱም እዚያው ያወርዳታል፤ እሷም ዳገቱን ትወጣለች።

«ምን ላድርግ እህት ዓለም፣ መንገዱ መኪና አያስገባም» ይላታል።

«የመንገዱ ነገርማ ምን ይደረጋል» ትለዋለች። አንድም ቀን አማርራ አታውቅም።

እሱ ግን በመስታወቱ ያያታል። ጥቂት ሄዳ ስትቆም፣ ድንጋይ ፈልጋ ስታርፍ ያያል። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ ይሄዳል።

ክረምቱ ሲገባ ሕመሟ ባሰ። ጎረቤቷ ደውላ፣ «ከአልጋ መነሳት አቅቷታል፤ እንግዲህ ካልተሸከሟት አትወርድም» አለችው። ሰውየው ከመኪናዋ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ብዙ አሰበ። ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቀዋል። ግን የሻይ ቤቱን ሳቅ ሰማው፤ ገና ሳይሳቅ ሰማው። ስለዚህ መካከለኛ መንገድ ፈለገ። ወፍራም እንጨት ጠርቦ በፊት ሞላዎቹ ሥር ሽብልቅ ወተፈ። ለሚያያት ሰው መኪናዋ ያችው መሬት ሳሚዋ ናት፤ ጥቂት ከፍ ማለቷን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። መሐላውንም እህቱንም ያተረፈ መሰለው።

ዳገቱን እስከ እኩሌታው ድረስ ወጣው። ጎርፍ የሰነጠቀው ቦይ ላይ ሲደርስ የግራው ሽብልቅ ተፈናጥሮ ወጣ። የመኪናዋ አፍንጫ ዘጭ አለ፤ ጎማው ከላዩ ካለው የጭቃ መከላከያ፣ ከፓራፋንጎው ጋር ተጣበቀ፤ መሪው ከእጁ አመለጠ። መኪናዋ ወደ ገደሉ ዞረችና አንድ ያረጀ ጉቶ ተላትማ ቆመች። ወርዶ ቁልቁል አየ። ስመለስ ቢሆን ኖሮ፣ እሷም ከጎኔ ብትሆን ኖሮ፣ ብሎ አሰበ፤ ከዚያ በላይ ማሰብ አልቻለም።

እንዲህ ቆሞ ሳለ ከላይ ሌላ ፒካፕ መጣች። ቀለሟ የተላጠ፣ ጎመን የጫነች አሮጌ ናት። ቦዩ ውስጥ ቀስ ብላ ገባች፤ ፊቷ ወረድ አለ፣ መልሶ ተነሳ፣ አለፈች። ሹፌሩ አቁሞ ወረደ።

«ተጎዳህ ወንድሜ?»

«ደኅና ነኝ። አንተ በዚህ መንገድ ትመላለሳለህ?»

«ሁልጊዜ ነዋ። መንገዱ እኮ ክፉ አይደለም፤ ቀስ ካሉበት።»

ሰውየው ዓይኑን ወደ ዳገቱ አነሳ። እህቱን ስንት ጊዜ «መንገዱ አያስገባም» እንዳላት ትዝ አለው። መንገዱ ለሁሉም ያው መንገድ ነበር። ከመንገዱ ላይ ራሱን ያስቀረው እሱ ነው፤ በገዛ እጁ፣ ለመታየት ብሎ።

የጎመኑን ሹፌር ለመነው። ሹፌሩም ሳያቅማማ ዞሮ ወጣ፤ የታመመችውን ጋቢና ውስጥ አስቀመጧት። ወንድሟ ከኋላ ጎመኑ ላይ ተቀምጦ፣ የገዛ መኪናውን ጉቶ ተደግፋ እያየ አለፋት። ሐኪሙ እህቱን መረመራትና፣ «በጊዜ አምጥታችኋታል፤ መድኃኒት ትወስዳለች፣ ጥቂት ቀን እዚህ ትተኛለች፣ ከዚያ ወደ ቤቷ» አለ። ሰውየው ግድግዳውን ተደግፎ ረጅም ትንፋሽ አወጣ።

በማግስቱ ጠዋት መኪናዋን በገመድ አስጎትቶ ወደ ከተማው መጣ። ሌላ ከተማ ወስዶ፣ ማንም ሳያየው ማሠራት ይችል ነበር፤ አስቦትም ነበር። ተወው። ሻይ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ጋራዥ በር ላይ አቆማት።

«ምን ላድርግልህ?» አለው ሜካኒኩ።

«የፊቱን ከፍ አድርግልኝ። ዳገት እንድትወጣ አድርጋት።»

ሜካኒኩ አጎንብሶ አየና ራሱን ነቀነቀ። «የተቆረጠ ሞላ አይቀጠልም። የፊቱን እግር በሙሉ አወጣዋለሁ፤ ከከፍተኛ ፒካፕ የወጣ ጠንካራ እግር እገጥምልሃለሁ። ሞላውም፣ ጎማውን የሚይዙት ክንዶችም ይለወጣሉ፤ ኋላውንም አነሳልሃለሁ። ደግሞ ሁለቱንም ጎን ነው። አንዱን ብቻ ካነሳን ታዘማለች።»

«ሁለቱም ይሁን» አለ ሰውየው።

የመጀመሪያው ጎማ እንደ ወለቀ ሻይ ጠጪዎቹ መንገዱን ተሻግረው መጡ። የፈራው ይኸው ደረሰ። አንደኛው፣ «እንግዲህ ስምህን ለየትኛው ውሻ እንስጥልህ?» አለው።

ሰውየው ፊቱ ጋለ። ከዚያ የጋራዡ በር ላይ የተኛውን ውሻ አየ። «እዚያ ለተኛው ስጡት» አለ። «ጨዋ ውሻ ነው፤ ስሜን አያሰድብም።»

ሳቁ። እሱም ሳቀ። ያንዱ ሳቅ ሳያልቅ ሌላው እጅጌውን ሰብስቦ ክሪኩን ያዘ፤ ሦስተኛው፣ «ለመሆኑ እህትህ እንዴት ሆነች?» ብሎ ጠየቀ። የነገራቸውን ሰምተው፣ እንግዲያስ ቶሎ ይለቅ ብለው ብረት ያቀብሉ ጀመር። ያን ያህል ዘመን የፈራው ሳቅ ሁለተኛው ጎማ ሳይታሰር አለቀ።

እህቱ ከሐኪም ቤት የምትወጣበት ቀን በሩ ላይ ጠበቃት። መኪናዋ አሁን ረጅም ስለሆነች እግሯን ማንሳት አቃታት። ዘበኛውን በርጩማ ለምኖ አመጣ፤ ክንዷን ይዞ አወጣት። አስፋልቱ ጫፍ ሲደርሱ እንደ ልማዷ ምርኩዟን ፈለገች።

«ተቀመጪ» አላት።

«ወዴት ልትሄድ ነው?»

«ወደ ቤትሽ።»

ቦዩ ጋ ሲደርሱ እጀታውን ጨብጣ ያዘች። የመኪናዋ ፊት ወረድ አለ፣ ተነሳ፣ አለፉ። ወንድሟ መሪውን የጨበጠ እጁን አላላ። እስከ አጥሯ በር ድረስ ወሰዳት፤ ጎረቤቶቿ ወጥተው አዩ። እሷም ከወረደች በኋላ ጥቂት ቆማ መዳፏን በሞቀው የሞተር ክዳን ላይ አሳረፈች። እሱም ከዚያ ቀን በፊት እንደዚያ ቀልሎት አያውቅም ነበር።

አያልነህ፣ ሰውየውን እዚህ እንተወው። ልጅህ ያልወደድከውን ሰው ባገባች ጊዜ በዕድርተኛው ፊት ቆመህ፣ «ደጄን አትረግጥም፣ ደጇን አልረግጥም» ብለሃል። አሁን ወልዳለች። ሰው ሲጠይቅህ፣ «እሷ ናት የራቀችኝ» ትላለህ። ከቤትህ እስከ ቤቷ ያለውን መንገድ ግን ጎረቤትህ ሁሉ አራስ ሊጠይቅ ይመላለስበታል። መንገዱ ደኅና ነው። እንዳታልፍ ያደረገህ ያንተ ቃል ነው፤ እንደ ሞላው የቆረጥከውም አንተ ነህ።

በሚስትህ እጅ፣ ስምህን ሳታስነሳ፣ ለሕፃኑ ልብስ መላክህን ሰምቻለሁ። መልካም ነው፤ ግን ሽብልቅ ነው። አንድ ክፉ ወሬ ሲገጥመው ተፈናጥሮ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ከአሁኑ የባሰ ትለያያላችሁ። የእግዚአብሔርን ስም ጠርተህ አልማልክም፤ የማልከው በቁጣህ ነው፤ ቁጣህም አልፏል። ክብሬ የት ይወድቃል ላልከኝ፣ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ያህል ሰው አፍ ላይ ይወድቃል። ይስቁብሃል። ከዚያ፣ «ሕፃኑ ማንን መሰለ?» ብለው ይጠይቁሃል።

ስለዚህ ሂድ። በቀን ሂድ፣ ዕድርተኛው እያየህ። እጅህን ለእሷ ብቻ ሳይሆን ለባሏም ዘርጋ፤ በአንድ ጎን ብቻ የተነሳ ያዘማል። ሕፃኑን ሲሰጡህም ማጅራቱን በመዳፍህ ደግፈህ ያዘው፤ ብዙ ዘመን ስለሆነህ ረስተኸው ይሆናል።